በዳር ላይ ምንም አይቀመጥ

ትዕግስት ስትደውል ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «ጋሽ በየነን ባጃጅ ገጫቸው» አለችኝ። የት ሆስፒታል እንደተኙ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ትዕግስት የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራ፣ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የማታጣ ልጅ ናት። እሷ ዝም ስትል የሚጠየቅ ነገር እንዳልቀረ ገባኝ።

የሆነው ከታቦር ተራራ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ ነው፤ ለሥራ ሲወጡ ሁልጊዜ በሚሻገሩበት ቦታ። ጋሽ በየነ አንገታቸውን ሳያዞሩ አስፋልቱ ውስጥ ገቡ፤ ባጃጁ ከግራ መጣ። ሹፌሩ አላመለጠም። አንስቶ በዚያው ባጃጅ ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ ያዘው።

ልቅሶ ቤት ስደርስ የድንኳኑ ገመድ ገና እየተወጠረ ነበር፤ ፍርዱ ግን አልቋል። ፍርድ ቤት ዓመት የሚፈጅበትን ጉዳይ የኛ ድንኳን ወንበር ተደርድሮ ሳያልቅ ይዘጋዋል።

«እነዚህ ባጃጆች ጨረሱን እኮ!»

«ቅሞ ነው። ያልቃመ ሰው በጠዋት እንደዚያ ይነዳል?»

«መንጃ ፈቃድ እንኳ ያለው አይመስለኝም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ግርማ ከሻሸመኔ እንደደረሱ፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ «ያ ሰውዬ እስር ቤት ሳይበሰብስ እርቅ የሚባል ነገር በጆሮዬ እንዳልሰማ!» አሉ። ድንኳኑ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ጥግ ይዤ ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ አይደለም። በምጽፋቸው መጣጥፎችም ሆነ በአፌ፣ ሁሉም «አዎ» ያለበት ቦታ ላይ «አይደለም» ማለት የምወድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የያዝኩት «አይደለም» ከበደኝ። ጋሽ በየነ ከጎናቸው የሚመጣውን ነገር ማየት ካቆሙ ቆይተዋል። ባጃጁን አላዩትም፤ ሊያዩትም አይችሉም ነበር። ይህን ደግሞ ለማንም፣ በተለይ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሣራ፣ እንዳልናገር አስምለውኛል። ለሞተ ሰው የገባሁት ቃል በአንድ በኩል፣ በሕይወት ያለ የታሰረ ሰው በሌላ በኩል። ኃዘኑ ራሱ የሚበቃኝን ያህል ነበር፤ ይሄ ተደረበበት።

ስለ ሟች መጻፍ በአገራችን ቀላል ነው። በየቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያመነ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ክፉ ሰው ሞቶ እንደማያውቅ ይረዳል። ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፦ ጋሽ በየነ ትሑት አልነበሩም። በሐዋሳ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ይለብሳሉ። ሽቷቸው ከሳቸው ቀድሞ ደረጃውን ወጥቶ ቢሮ ይገባል። ፀጉራቸውን ጥቁር ይቀባሉ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ግን አይፈልጉም። መነጽር አድርጉ ሲባሉ «መነጽር የጡረተኛ ነው» ይላሉ፤ ራሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የታይፕ አስተማሪ ሆነው ነው። በከተማው ቢሮዎች ስናልፍ በመስኮት እያመለከቱ፣ «ያቺን አየሃት? ጣት በጣት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ሰላም እንኳ አትለኝም» ይሉኛል። ሴትየዋ ግን ሁልጊዜ ተነስታ እጅ ትነሳቸዋለች።

የተዋወቅነው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ድርጅት ነው። ድርጅቷ ለቢሮ ሥራ የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች፤ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ሠንጠረዥ የሚሠራበት፣ ቀጠሮ የሚያዝበት፣ በአማርኛና በሲዳምኛ። ፕሮግራሙን የምትሠራው ትዕግስት ናት። እኔ መመሪያውን እንድጽፍ ተቀጠርኩ። ጋሽ በየነ ደግሞ ፕሮግራሙን ይገመግማሉ። ግምገማ ሲባል ይሠራል አይሠራም ማለት መስሎኝ ነበር። አረሙኝ።

«ፕሮግራሙ መሥራቱን ትዕግስት ታየዋለች» አሉኝ። «እኔ የማየው ሰውየው መሥራቱን ነው።»

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ከአንድ ቢሮ አንድ ጸሐፊ ይጋብዛሉ። ኮምፒውተሩ ፊት ያስቀምጧታል። «የፈቃድ ደብዳቤ ጻፊ፣ ሠንጠረዥ ጨምሪበት፣ ወረቀት ላይ አውጪው» ይሏታል። ከዚያ ከጎኗ ተቀምጠው አንድ ቃል አይናገሩም። ይህ ዝምታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው መንገድ ሲጠፋው እያያችሁ ዝም ማለት በኛ ባህል ነውር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን አልቻልኩም፤ «እዚያ ጋ፣ ከላይ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ በየነ ዞር ብለው፣ «እሷ ቢሮዋ ስትመለስ አንተ አብረሃት ትሄዳለህ?» አሉኝ።

ችግሩ ግን ዝምታው አልነበረም፤ ይሉኝታው ነው። የመጀመሪያዋን ተጋባዥ አስታውሳለሁ፤ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ደብዳቤዋ ሁለቴ ጠፋባት። ግንባሯ አላበው። ሲጨርሱ ጋሽ በየነ፣ «እሺ እመቤት፣ ፕሮግራሙን እንዴት አገኘሽው?» አሏት።

«በጣም ግሩም ነው! እግዜር ይስጥልን።»

«ደብዳቤሽ ጠፍቶ አልነበር?»

«እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ አለመማሬ ነው። የናንተ ነገርማ ምን ይወጣለታል?»

ተከታዩም እንዲሁ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ትዕግስት ደስ ብሏት ትስቃለች። ጋሽ በየነ ከረባታቸውን እያላሉ፣ «ያላበው ሰው 'ግሩም ነው' ሲል አትመኚው» ይሏታል። አንድ ቀን ግን ለብቻቸው ሲብሰለሰሉ ቆይተው እጃቸውን አጨበጨቡ። «አበሻ ፊት ለፊት እውነት አይነግርህም» አሉ። «ግን ያማልሃል! ታዲያ እኛ ለምን ሐሜቱን አንሰማም?»

እንግዲህ ይህን ዘዴ የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩትም፤ የማነበው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ጋሽ በየነ ከአንድ ቢሮ የሚዋደዱ ሁለት ጸሐፊዎችን ይጠራሉ። አንድ ኮምፒውተር ፊት ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። ጎንበስ ብለው፣ «በእናታችሁ፣ ይህን የሠራችው ልጅ ኩራቷ አይቻልም፤ እኔንም አትሰማኝ» ብለው ያንሾካሹካሉ። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብለው ይወጣሉ። በኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ትዕግስት ጆሮዋን ለጥፋ ትቀመጣለች።

«ኧረ ይቺ ምን አባቷ ትላለች? 'ለውጦቹ ይቀመጡ?' የት ነው የሚቀመጡት፣ ወንበር አላቸው?»

«አንቺ አታናድጂኝ፣ አዎ በያት!»

«አዎ ብያት አይደል እንዴ ቅድም የበላችብኝ?»

«ይህን የሠራች ልጅ አንድ ቀን ደብዳቤ ጽፋ ታውቃለች?»

«ፍቅረኛም ያላት አይመስለኝ፤ ቢኖራትማ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር።»

ትዕግስት የመጀመሪያውን ቀን አለቀሰች። ጋሽ በየነ መሀረባቸውን ሰጥተው፣ «ስለ ፍቅረኛው ያሉትን እርሺው፤ ሌላውን ግን በሙሉ ጻፊው» አሏት። በወሩ ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም ሆነ።

እኔንም ሊጠቀሙብኝ ሞክረው ነበር። «አንተ ደራሲ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብህም። ለዚህ ሥራ የተፈጠርክ ነህ» ብለው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። እኔም ቀለሙን አጥላላሁ፣ ፊደሉን አጥላላሁ፣ ቃላቱን አጥላላሁ፣ ማውዙን ሳይቀር አጥላላሁ። ጋሽ በየነ እስክጨርስ ጠብቀው አስነሱኝ። «አንተም አትጠቅመኝም» አሉ። «ሁሉን 'ጥሩ ነው' የሚል ሰውና ሁሉን 'መጥፎ ነው' የሚል ሰው አንድ ናቸው። ሁለቱም ስክሪኑን አያዩም።» እንዲህ በአጭሩ የገለጸኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

አንድ እሁድ ደግሞ ቤታቸው ጠሩኝ። ምሳ በልተን ስናበቃ፣ ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትን አንድ መጣጥፍ ለእትዬ ሣራ ሰጧቸውና እኔን ማዶ አስቀመጡኝ። «አንዲት ቃል ብትናገር ትወጣለህ» አሉኝ። እትዬ ሣራ ሲዳማ ናቸው፤ አማርኛውን በኋላ ነው የለመዱት፤ ዕድሜ ልካቸውን ግን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስለነበሩ ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። ማንበብ ጀመሩ። እኔ ፊታቸውን አያለሁ፤ ፈገግታው አለ። ጋሽ በየነ በዓይናቸው ወደ ታች ጠቆሙኝ። የእትዬ ሣራ እግር መወዛወዝ ጀምሯል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ዓምድ ዘለሉ። ከዚያ ጋዜጣውን አጥፈው፣ «በጣም ግሩም ነው፤ እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ።

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው የጠፋችብህ» አሉ ጋሽ በየነ፣ ወደ ውጭ ሲሸኙኝ። «አፍ ለእንግዳ ነው፤ እግር ግን ለራሱ ነው የሚሠራው። አንተ አንባቢህን አይተኸው ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽሑፌን ለሰው ስሰጥ እግር እግሩን ነው የማየው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጋሽ በየነ አንድ ነገር መደጋገም ጀመሩ። ማንኛውም ግምገማ ሲያልቅ ትዕግስትን ጠርተው፣ «በዳር ላይ ምንም አይቀመጥ። ሰው ዳሩን አያይም» ይሏታል። ትዕግስትም አዳመጠች። በስክሪኑ ጠርዝ የተሰደሩትን ምልክቶች እየለቀመች ወደ መሀል አመጣች፣ አሳደገቻቸው፣ አራራቀቻቸው። እውነትም ሥራው ቀለለ። የቀበሌዋ ሴት ተመልሳ መጥታ ደብዳቤዋን ጻፈች፤ አላላባትም። ሁላችንም ጥበብ ነው አልን።

ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን ሊገዛ እንግዶች ላከ። ማሳየቱ የጋሽ በየነ ነው፤ ከሳቸው በላይ ማን ያምርበታል? አዲስ ከረባት አድርገው መጡ። ትዕግስት ደግሞ ለእንግዶቹ እንዲያምር ብላ፣ የመጨረሻ ሰዓት ላይ፣ ወረቀት የማውጫውን ምልክት ከነበረበት ወደ ቀኝ ጥግ ወስዳው ነበር። ትልቅና ቀይ ነው፤ ማንም አይስተውም።

«አሁን ደግሞ» አሉ ጋሽ በየነ፣ «ደብዳቤያችን በአንድ ንክኪ ወረቀት ላይ ይወጣል።» ማውዙ ምልክቱ ድሮ ወደነበረበት ሄደ። ባዶ ቦታ ተጫኑ። ምንም። እንደገና ተጫኑ። ንግግራቸውን አላቋረጡም፤ ስለ ወረቀት ጥራት፣ ስለ ጊዜ ቁጠባ እያወሩ ባዶውን ቦታ ደጋግመው ነኩት። እንግዶቹ ስክሪኑን ያያሉ፤ ቀዩ ምልክት ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ይሉኝታ እዚያም አለ። ትዕግስት ከኋላ እጇን ሰደድ አድርጋ ኪቦርዱ ላይ ሁለት ቁልፍ ነካች። ፕሪንተሩ አጓራ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ሲሄዱ ትዕግስት ጋሽ በየነ ፊት ቆማ፣ «ይቅርታ ጋሽዬ፣ ሳልነግርዎት ቀይሬው ነው። እርስዎ ካጡት ማንም አያገኘውም» አለች። በዚያው ሰዓት ምልክቱን ወደ ቦታው መለሰችው። ጋሽ በየነም፣ «ከዚህ ተማሪ እንግዲህ» ብለው ኮታቸውን አነሱ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ሐይቅ ዳር ወረድን። ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ለመልቀም አባ ኮዳዎች ተኮልኩለዋል፤ ከወገብ በላይ የሚሆኑ፣ ራሰ በራ፣ የጡረታ አበል የዘገየባቸው የሚመስሉ ወፎች። አንደኛው መጥቶ ከጋሽ በየነ በስተግራ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ሊነኩት በሚችሉበት ርቀት ቆመ።

«ዛሬ ወፎቹ የት ሄዱ?» አሉ ጋሽ በየነ ውኃውን እያዩ።

እኔ ወፉን አየሁ። ከዚያ እሳቸውን አየሁ።

«ጋሽ በየነ፣ ከጎንዎ ምን አለ?»

«ምን አለ? ምንም።»

«አባ ኮዳ ነው።»

አንገታቸውን አይደለም ያዞሩት፤ ወገባቸውን፣ መላ ሰውነታቸውን ነው። ፊት ለፊት እስኪገጥማቸው ድረስ ዞሩ። ወፉና እሳቸው ተያዩ። «አቤት ነውር» አሉ፤ «ትልቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሰላም ሳልለው!» ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሳቃቸው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ግላኮማ ይሉታል» አሉ። «አዲስ አበባ ሄጄ ታይቻለሁ፤ ሣራን ዘመድ ጥየቃ ብያት። ጠብታ አለኝ። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን እንዲያቆይ ነው። ፊት ለፊቴን አያለሁ። የጎኑ ነው የሄደው።»

«እትዬ ሣራ አያውቁም?»

«አታውቅም። ካወቀች ከደጅ አታወጣኝም። ትዕግስትም አታውቅም። ካወቀች ታዝንልኛለች፤ ሰው ሲያዝንልህ ደግሞ እውነት አይነግርህም። እኔ እንጀራዬ ሰው የሚነግረኝ እውነት ነው።»

«ሰውን ሁሉ 'የት ጋ እንደጠፋህ ተናገር' እያሉ፣ ለራስዎ ሲሆን—»

«ስማኝ» አሉ። «ፕሮግራም ስህተቱ ሲነገር ይታረማል። የኔ ዓይን ቢነገርም አይታረም። የማይታረም ነገር ምን ይነገራል?»

ክርክር እወዳለሁ፤ ከምሁር ጋር፣ ከቄስ ጋር፣ ከካድሬ ጋር ተከራክሬያለሁ። ያን ቀን ግን «ለማንም ላትናገር ማልልኝ» አሉኝ፤ ማልኩ። ቢያንስ ጠዋት ጠዋት መጥቼ አብረን እንሂድ አልኳቸው። ከግንቡ ተነስተው ከረባታቸውን አስተካከሉ። «እንደ ሕፃን እጄን ይዘህ ልታሻግረኝ? ይህን ያየ ተማሪዬ ምን ይለኛል?»

ከዚያ ወዲህ አብረን ስንወጣ ምክንያት እየፈጠርኩ በግራቸው እሄድ ነበር። «በዳር ላይ ምንም አይቀመጥ» የሚሉትም ያኔ ገባኝ። ጥበብ ያልነው ነገር የዓይናቸው ካርታ ነበር። ዓለም ከዳር እየጠበበችባቸው ስትመጣ፣ እሳቸው የሚፈልጉትን ሁሉ ወደ መሀል ይጠሩ ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉ ጸሐፊዎች ዛሬም ሳያውቁት በዚያች የጠበበች መስኮት ይሠራሉ፤ ይመቻቸዋልም።

በልቅሶው ሦስተኛ ቀን የሹፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሹፌሩ ታደሰ ይባላል፤ የልጆች አባት ነው። ሽማግሌዎቹ የድንኳኑ አፍ ላይ ራሳቸውን ደፍተው ቆሙ። አንጋፋው፣ «እኛ ልንከራከር አልመጣንም። የጠፋው ነፍስ ነው። ልጃችንን በእጃችሁ አድርገን ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣን» አሉ።

አቶ ግርማ ተነሱ። «ወንድሜ በቀን ብርሃን፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ሲሻገር ነው የገደለው! ይህን የሚያህል ሰው አላየሁም ሊል ነው? ወደ መጣችሁበት ተመለሱ!»

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ውስጥ ገባሁ። እትዬ ሣራ ጓዳው በር አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለቀስተኞቹ ሴቶች ለጊዜው ወጣ ብለው ነበር። ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ ሣራ፣ የምነግርዎት ነገር አለ። ጋሽ በየነ እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር።»

«ስለ ዓይኑ ከሆነ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «አውቃለሁ።»

አጠገባቸው፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ቤት ወንበር ካለበት ከተንቀሳቀሰ ስንት ዓመቱ መሰለህ?» አሉ። «ሠራተኛዋ በርጩማ ዞር ባደረገች ቁጥር እጮህባታለሁ፤ ጨቅጫቃ ሆኑ ትለኛለች። ጠብታውን ኮቱ ውስጥ ይደብቀዋል። ሊያልቅበት ሲል 'ገበያ አለኝ አብረን እንውጣ' ብዬ ፋርማሲው አጠገብ ጥዬው እሄዳለሁ፤ እንዲገዛ። ስመለስ 'የት ቆየሽ?' ብሎ ይቆጣኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም? ማወቅዎን?»

«እንዳላውቅ ፈልጎ ነዋ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «በየነ ከኔ የፈለገው ነገር ብዙ አልነበረም። ይህንን እንዴት እነፍገዋለሁ?»

ውጭ የአቶ ግርማ ድምፅ ከፍ አለ። ሽማግሌዎቹ እንደመጡ፣ ሰውየው እንደታሰረ፣ ድንኳኑ ምን እንደሚል ነገርኳቸው። እኔ ደግሞ ቃል እንዳለብኝ፣ ግን ዝም ማለት እንደማልችል ተናገርኩ። እትዬ ሣራ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተደግፈውኝ ተነሱ።

«አንተ ቃል ገብተሃል» አሉኝ። «እኔ ለማንም ምንም አልገባሁም።»

ድንኳኑ ባለ ኃዘኗን ቆመው ሲያይ ጸጥ አለ። ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው፣ የኋላው እንዲሰማ ብቻ።

«ባለቤቴ በጎኑ አያይም ነበር። ዓመታት ሆኖታል። ባጃጁን አላየውም። ጥፋቱ ሰውየው ላይ አይደረግ።»

«ሣራ!» አሉ አቶ ግርማ። «ወንድሜ እኮ ዓይነ ስውር አልነበረም! በልቅሶው ቀን ስሙን—»

«ግርማ፣ እኔ በሕይወት እያለ ደብቄለታለሁ። ከዚህ በኋላ ብደብቅለት የሚታሰርበት ሌላ ሰው ነው። እሱ ቢሰማ ይህን ይወዳል?»

አቶ ግርማ ቁጭ አሉ። ቅሞ ነው ሲሉ የነበሩት ሰዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ትዕግስት ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። «ታዲያ ዳሩን... ዳር ላይ ያሉኝ ሁሉ...» አለችና አልጨረሰችውም። ከንፈሯን በእጇ ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ እትዬ ሣራ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ፤ የአዲስ አበባውን የሐኪም ወረቀትም ከኮቱ ውስጥ አውጥተው አሳዩ። ታደሰ ከጥቂት ቀን በኋላ ተፈታ።

በተፈታ ማግሥት ከሚስቱ ጋር እትዬ ሣራ ቤት መጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ግቡ ተባለ፤ ሚስቱ ገባች፣ እሱ ግን ደጃፉ ላይ ቀረ። ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ለምስጋና የመጣ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

«እመቤቴ» አለ፣ «ክላክስ አድርጌ ነበር። እንደሰሙኝ፣ እንዳዩኝ ነበር የመሰለኝ። አይተውኛል፣ ይቆሙልኛል ብዬ ፍሬን መያዝ ዘገየሁ። አሁን ዓይኔን ስከድን ያዩኛል። 'እያየሁህ ለምን መጣህብኝ?' የሚሉኝ ይመስለኛል። ልጆቼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።»

እትዬ ሣራ ካሉበት ተነስተው መጥተው ደጃፉ ላይ፣ ከሰውየው አጠገብ ተቀመጡ። ከቀብሩ ጀምሮ ሰው ፊት አላለቀሱም ነበር።

«አላየህም ወንድሜ» አሉት። «በየነ አላየህም።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንባቸው በአገጫቸው እየወረደ እትዬ ሣራ ጀርባውን ያሻሹታል። ጋሽ በየነ በሕይወት እያሉ ማንም እንዳይሰማባቸው የሸሹትን ቃል፣ ሰውየው መስማት ያልጠገበ ይመስል ደጋግሞ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመልሱለታል።

«አላዩኝም?»

«አላየህም።»

«አላዩኝም፣ እመቤቴ?»

«አላየህም።»